ቅዳሜ ገበያ የተነበበው ደብዳቤ

ሁሩታ፣ ጥቅምት ፬ ቀን ፲፱፻፳፩ ዓ.ም.

ለልጅ ልጄ ለዘርፉ፤ አዳማ፣ ከአክስቷ ከአረጋሽ ቤት ይድረስ።

ሀርሜ፣ እናቴ ሆይ፣ አካም ጅርታ? ልጅሽ መርዳሳ ስድሳ ሰባት ዓመት ሞልቶት ጥርስ ማውጣት ትቶ ያለውን እየጣለ ነው እንጂ በሌላው በኩል ደህና ነው። ትናንት አንዱ፣ «የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ እናቴ ማለት መቼ ነው የምትተወው?» ቢለኝ፣ «የእናቴን አፍንጫ ስትመልስልኝ» አልኩት። ይዘሽው እንደተወለድሽ አልነገርኩትም፤ አይቶታል።

ስለ ጉልበቴ ለጠየቅሽው፣ ቀኙ ይታዘዘኛል፣ ግራው ግን ሹም ሆኗል፤ ለመነሣት ደጅ ያስጠናኛል። ስለ ሥራዬም ለጠየቅሽው፣ አሁንም ቅዳሜ ቅዳሜ ከሾላው ሥር ተቀምጬ የሰው ደብዳቤ አነባለሁ። ድሮ ለሹማምንቱ ሳስተረጉም ያወጣሁት ድምፅ እስካሁን አልዛገም። ባለ ደብዳቤው ከፊት ይቀመጣል፣ ገበያተኛው ይከበኛል፣ እኔ አነባለሁ። የሙሽራው ደብዳቤ ሲሆን እንደ ሙሽራ፣ የአማቲቱ ሲሆን እንደ አማት። ቅር የሚለው የለም። እንዲያውም ባለፈው አንዲት ሴት፣ «የኔን ልጅ ደብዳቤ በቀስታ አነበብከው፤ ጎረቤቴ አልሰማችም» ብላ ተቀይማኛለች።

ሦስተኛው ጥያቄሽ ግን አሳቀኝ። «ምስጢር ይጠብቃሉ?» ትያለሽ። እናት ልጇን እንዲህ ትጠይቃለች? ያንን ስሙን ሳትጽፊ «አንድ ልጅ» ብለሽ የዘለልሽውን፣ ማን እንደሆነ፣ የማን ልጅ እንደሆነ፣ ምን እንዳለሽ፣ ምን እንዳልሽው፣ አንድ ሳታስቀሪ ጻፊልኝ። እምቢ ካልሽ በበቅሎ እመጣና የትምህርት ቤታችሁን ወንዶች በሙሉ አሰልፌ አፍንጫ አፍንጫቸውን አያለሁ። እንደማደርገው ታውቂያለሽ።

ልጅሽም አያትሽም፣ መርዳሳ

—

አዳማ፣ ጥቅምት ፲፰ ቀን

ለተከበሩት አያቴ ለአቶ መርዳሳ፣ ሁሩታ።

አካኮ፣ እንደምን አሉልኝ? እኔም አክስቴም ደህና ነን። የላኩልን ማር ደርሶናል፤ አክስቴ እጅ ነሥታለች።

ወንዶቹን አሰልፈው እንዳያዩብኝ ስለፈራሁ እጽፋለሁ። ግን ይህ ለእርስዎ ብቻ ነው፤ ለማንም አይደለም።

ትምህርት ቤታችን ከባቡር ጣቢያው አጠገብ ነው ብዬዎት ነበር። እዚያ ያለን ተማሪዎች ሁለት ወገን ነን። የምድር ባቡር ሠራተኞች ልጆች ጫማ አላቸው፣ ከፊት አግዳሚ ይቀመጣሉ፣ ቀትር ላይ ከግሪኩ ሱቅ የተገዛ ፉርኖ ይበላሉ። «ፉርኖዎች» እንላቸዋለን። እኛ በባዶ እግራችን መጥተን ከኋላ እንቀመጥና ቆሎ እንቆረጥማለን፤ እነሱም «ቆሎዎች» ይሉናል። ፉርኖ ከቆሎ ጋር አይነጋገርም። የተነጋገረ ከሁለቱም ወገን ይወጣል።

ልጁ ፉርኖ ነው። ስሙ ንዋይ ነው፤ አባቱ አቶ ዘገዬ የጣቢያው ዕቃ ቤት ጸሐፊ ናቸው። ባለፈው ዓመት በሙሉ አንድ ቃል አልተነጋገርንም። ንዋይ አንድ ቀን ይመጣል፣ አንድ ቀን ይቀራል። ወባው ቀን እየዘለለ ይነሣበታል ይባል ነበር፤ የአዋሽ ወባ እንደዚያ ስለሆነ አዳማ ላይ ይህን የሚጠራጠር የለም። መምህራችንም እያዘኑለት በመጣ ቁጥር ኪኒን ያስውጡታል። ሲውጥ ፊቱ እንዴት እንደሚጨማደድ ቢያዩት።

አንድ ማክሰኞ አክስቴ ገበያ ላከችኝ። ንዋይን ከእህል ጆንያዎቹ መሃል ቆሞ አገኘሁት፤ ጤነኛ ነው። ሲያየኝ ደንግጦ ሁለት እግሩን ባዶ ጆንያ ውስጥ ከተተ። እኔም ሳላስበው፣ «ምነው፣ ሊሸጡህ ነው እንዴ?» አልኩት። ሳቀ። ከዚያ ነገረኝ። ወባ የለበትም። እሱና ታናሽ ወንድሙ ያላቸው አንድ ጫማ ነው፤ ሰኞ እሱ ያደርገዋል፣ ማክሰኞ ወንድሙ። በባዶ እግሩ ቢመጣ ፉርኖዎቹ ካጠገባቸው አያስቀምጡትም። ስለዚህ ዓመት ሙሉ ሳይታመም ኪኒን ዋጠ። ይህን ከእኔ በቀር ለማንም አልተናገረም። እኔም ከእርስዎ በቀር ለማንም አልናገርም።

ከዚያ ወዲህ ቀትር ላይ ከውኃ ጉድጓዱ ጀርባ ፉርኖውን በእኔ ቆሎ ይለውጠኛል። ይኸው ነው፤ ሌላ ነገር የለም። ግን እሱ በማይመጣበት ቀን ትምህርቱ እንደሚረዝምብኝ ለእርስዎ ካልነገርኩ ለማን እነግራለሁ?

ይህን የምጽፈው ከወንበር ጓደኛዬ ከዙህራ ቤት ሆኜ ነው። የሚያመጣልዎት አጎቷ አብዱናሲር ነው፤ በበቅሎዎቹ ጨው ጭኖ ወደ እናንተ ይወጣል።

ልጅዎ ዘርፉ

—

ሁሩታ፣ ጥቅምት ፳፯ ቀን

ሀርሜ፣ ሰላም ላንቺ ይሁን።

ደብዳቤሽ ቅዳሜ ደረሰኝ። ፊደልሽ አምሯል።

ከታች ጥግ ላይ በደቃቁ፣ «ሲያነቡት ይስቁብኛል?» ብለሽ የጻፍሽውን መጀመሪያ አላየሁትም ነበር። ያየሁት በኋላ ቤቴ ገብቼ ነው። አዎን፣ ስቄ ነበር።

ደገፋ የሚሉት እህል ነጋዴ በዚህ ሳምንት ገብስ ይዞ ወደ አዳማ ይወርዳል። ጣቢያው አካባቢ ብታገኚው ሰላም ብለሽ እለፊ። አፈኛ ሰው ነው፤ የሚያወራውን ሁሉ ቆመሽ አትስሚ።

ልጁ ጨዋ ይመስላል። አባቱ ስንት ልጆች አሏቸው? እነዚያ ፉርኖዎች ክፉዎች ናቸው ወይስ ልጆች ብቻ ናቸው?

ዛሬ ቀልድ አልመጣልኝም። ጉልበቴ ይሆናል። ሁለት ቅል ማር ልኬያለሁ፤ አንዱ ያንቺ ብቻ ነው፣ ለአክስትሽ አትንገሪያት።

መርዳሳ

—

አዳማ፣ ኅዳር ፲፪ ቀን

አካኮ፣ ጤናዎ እንዴት ነው? እኔ ደህና አይደለሁም።

ዛሬ ኅዳር ሚካኤል ስለሆነ ትምህርት የለም፤ ባይኖር ይሻላል። እስካሁን ሳልጽፍ የቆየሁት ምን ብዬ እንደምጀምር ስላጣሁ ነው።

ያለፈው ሰኞ ንዋይ ሲመጣ ፉርኖዎቹ በር ላይ ተሰልፈው ጠበቁት። አንዱ እግሩን ጆንያ ውስጥ ከቶ እየዘለለ ነበር። ሌሎቹ፣ «ሰኞ የንዋይ፣ ማክሰኞ የታናሹ» ይላሉ። አንዱ ደግሞ አሸዋ በእጁ ይዞ፣ «ኪኒንህን ዋጥ» ይለዋል። የእኛዎቹም ሳቁ፤ ቆሎዎቹም ሳቁ፣ አካኮ። «እንጀራ አባት» እያሉም ይጠሩታል፤ ይህን ከየት እንዳመጡት አልገባኝም። ንዋይ ወደ እኔ ብቻ አየ። እኔ ብቻ እንደማውቅ ሁለታችንም እናውቃለን። ከዚያ ወጥቶ ሄደ፤ እስከ ዛሬም አልተመለሰም።

መምህሩ አባቱን አስጠርተው ስለ ኪኒኑ ጠየቋቸው አሉ። አቶ ዘገዬ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው ሲወጡ አይቻቸዋለሁ። ሳይደፉት ነው እስከ ቤታቸው የሄዱት።

ያደረገችው ዙህራ ናት። ደብዳቤውን የጻፍኩት እሷ ቤት ነው፤ ሌሊቱን እዚያ ነው ያደረው፤ ከእሷ በቀር ማን ይከፍተዋል? በተማሪው ሁሉ ፊት «ሌባ» አልኳት፤ በጥፊም መታኋት። መሐረቧን አስተካክላ፣ «አልከፈትኩም» አለችና ሄዳ ከመጨረሻው አግዳሚ ተቀመጠች። አሁን ብቻዬን ነኝ። ጥሩ አድርጌያለሁ አይደል?

ዘርፉ

—

ሁሩታ፣ ኅዳር ፲፯ ቀን

ሀርሜ፣

ደብዳቤሽን አነበብኩት። ሦስት ቀን ሙሉ መልስ ለመጻፍ ተቀምጬ ሦስት ወረቀት አበላሸሁ።

ዙህራን ተያት። አልከፈተችውም። እንዴት እንዳወቅሁ አትጠይቂኝ፤ ሽማግሌ ብዙ ነገር ያውቃል። የልጅ ወሬ እንደ ጎርፍ ነው፣ ሞልቶ ይጎድላል። እስከ ገና ሁሉም ይረሳል። ንዋይም ሲርበው ይመጣል።

ይህን ስጽፍ ራሴን አልወደድኩትም። ግን ይህንኑ ልኬልሻለሁ።

መርዳሳ

—

አዳማ፣ ኅዳር ፳፮ ቀን

አካኮ፣

አይረሳም። አቶ ዘገዬ ንዋይን ከገና በኋላ ወደ ድሬዳዋ ሊልኩት ነው፤ ከባቡር መጠገኛው ገብቶ ሥራ እንዲማር። «ከእንግዲህ አዳማ በዚህ ልጅ አይስቅም» ማለታቸውን ሰማሁ። እሱ ደግሞ መሐንዲስ መሆን ነበር የሚፈልገው። እኔ እንደሸጥኩት አድርጎ እያሰበኝ ነው የሚሄደው። ከዕቃ ቤቱ በር ላይ ሁለት ጊዜ ጠብቄዋለሁ፤ ሁለቱንም ጊዜ በሌላው በር ወጣ።

አብዱናሲርም ከእንግዲህ የእኔን ደብዳቤ አልይዝም ብሏል። «የእህቴን ልጅ ሌባ ያለች ልጅ ደብዳቤዋን ለሌባ አትስጥ» አለ አሉ። ይህን ያመጣልዎት ሌላ ሰው ነው።

ዙህራ አልከፈተችውም ብለዋል። እንዴት እንዳወቁ አትጠይቂኝ ብለዋል። እኔ ግን እጠይቃለሁ። እንዴት አወቁ?

ዘርፉ

—

ሁሩታ፣ ታኅሣሥ ፪ ቀን

ለዘርፉ።

ከእንግዲህ እናቴ ብዬ ለመጻፍ ብዕሩ አልታዘዘኝም።

ያወቅሁት እኔ ስለሆንኩ ነው። ዙህራ አልከፈተችውም፣ አብዱናሲርም አልከፈተውም። እንደታሸገ በእጄ ሰጠኝ። የከፈትኩት እኔ ነኝ፤ ያነበብኩትም እኔ ነኝ፤ ያነበብኩት ደግሞ ቅዳሜ ቀን ከሾላው ሥር፣ ሰው ከብቦኝ ነው።

እንዴት እንደሆነ ልንገርሽ፤ ለማመካኘት አይደለም። ያን ቀን የመጡት ደብዳቤዎች ሁሉ የሐዘን ነበሩ። አንዱ በሬ ሞተ ይላል፣ አንዱ ወንድም አልተነሣም ይላል። ሰዉ ከብዶታል። አብዱናሲር ያንቺን ሲሰጠኝ፣ «የማን ነው?» አሉኝ። «የእናቴ» አልኩ። ሳቁ። «እስቲ እናትህ ምን ትላለች?» አሉ። የሰውን ሁሉ ደብዳቤ አደባባይ እያወጣሁ የራሴን ብደብቅ ያዝኑብኛል ብዬ ነው ብልሽ ግማሹ እውነት ነው። ሌላው ግማሽ ግን ሰዎቹ ለመሳቅ አፋቸውን ከፍተው ነበር፤ እኔ ደግሞ የተከፈተ አፍ አይቼ ማለፍ አላውቅም።

«ለእርስዎ ብቻ ነው» የሚለው ዘንድ ስደርስ ድምፄን ዝቅ አድርጌ በሹክሹክታ አነበብኩት። የእኔ ሹክሹክታ እስከ ጨው ተራ ይሰማል። ያኔ ነው ይበልጥ የሳቁት። እዚያ ላይ ማቆም እችል ነበር፤ አላቆምኩም። ጆንያው ዘንድ ስደርስ ተነሥቼ ቆምኩ፤ ያ ደጅ የሚያስጠናኝ ጉልበቴ ያን ቀን በአንድ ጊዜ ተነሣ። እግሬን የሰው ጆንያ ውስጥ ከተትኩ። ኪኒን የሚውጥ ፊት አሳየሁ። «እናቴ ልታገባ ነው፣ ጫማ ያለው እንጀራ አባት መጣብኝ፣ ግን ሰኞ ሰኞ ብቻ ነው አባት የሚኖረኝ» አልኩ። ከየት እንዳመጡት አልገባኝም ያልሽው ከዚህ ነው የመጣው። ደገፋ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። በሳምንቱ አዳማ ወርዶ ገብሱን ሲያራግፍ ለተሸካሚዎቹ ነገራቸው፤ ተሸካሚዎቹ ፊት ደግሞ የጣቢያው ልጆች ይጫወታሉ። እሱን አትጥይው። እኔ የሰጠሁትን ነው የተሸከመው።

አንድ መስመር ብቻ አላነበብኩላቸውም። ስለ ትምህርቱ መርዘም የጻፍሽውን። እዚያ ስደርስ ምላሴ ያዘኝና «የቀረው ሰላምታ ነው» ብዬ አጠፍኩት። ያን ጊዜ ነው ምን እንዳደረግሁ የገባኝ። ስለዚህ ሳላውቅ ነው ያደረግሁት ልል አልችልም። ማታ ያንን በደቃቁ የተጻፈውን ሳይ ደግሞ አውቄው ነበር።

ከዚያ ወዲህ የጻፍኩልሽ ሁሉ ውሸት ነው። የጉልበቴም ነገር ውሸት ነው። አንቺ ዙህራን በጥፊ መታኋት ስትዪኝ እንኳ፣ እጄ ነው የመታት ብዬ መጻፍ ሲገባኝ፣ ስለ ጎርፍ ጻፍኩልሽ። የፈራሁት ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ? መጻፍ እንዳትተዪ ነው። ለዚህ ብዬ ሁለት ጓደኛ አሳጣሁሽ።

ምን ላድርግ? የምትዪኝን አደርጋለሁ።

መርዳሳ

—

አዳማ፣ ታኅሣሥ ፰ ቀን

ለአቶ መርዳሳ፣ ሁሩታ።

ደብዳቤዎ ደርሶኛል።

ምን ላድርግ ብለዋል። ይምጡ። ንዋይ ከመሄዱ በፊት ይምጡ። ለዙህራ ፊት ለፊት ይንገሯት። ለንዋይም ይንገሩት። ሰው እንዳይሰበሰብ። አክስቴም እንዳትሰማ። በምንም ምክንያት እንዳይቀልዱ፤ ቢያለቅስም፣ ቢሰድብዎም፣ ዝም ቢልም እንዳይቀልዱ።

ያንን ደብዳቤ ይዘው ይምጡና ለንዋይ ይስጡት። እንዳያነቡለት። ከእርስዎ አፍ ዳግመኛ እንዲሰማ አልፈልግም። ማንበብ ያውቃል።

እኔ በዚያ ቀን ከቤት አልኖርም። አክስቴ ምሳ ታቀርብልዎታለች።

ዘርፉ

—

ሁሩታ፣ ታኅሣሥ ፳፯ ቀን

ለዘርፉ።

ደህና ገብቻለሁ። ዛሬ ቅዳሜ ነው፤ ገበያ አልወጣሁም።

እንዴት እንደነበር አንድ ሳያስቀሩ ይጻፉልኝ ብለሽ በአክስትሽ በኩል ልከሽብኛል። እጽፋለሁ።

የመጣሁት ከአብዱናሲር ጋር ነው። ሌላ በቅሎ አጥቼ አይደለም፤ መጀመሪያ ለእሱ መንገር ስላለብኝ ነው። ገና ከሁሩታ ስንወጣ ነገርኩት። ዴራን አለፍን። መልካሳ መሻገሪያው ላይ በቅሎዎቹን ውኃ እያጠጣ፣ «አቶ መርዳሳ፣ ሃያ ዓመት የሰው ደብዳቤ ተሸክሜያለሁ። አንድ ቀን ከፍቼ አላውቅም። ብከፍተውስ ምን አነባለሁ? የእናንተን ፊደል መች አውቀዋለሁ?» አለኝ። ሌላ ቀን ቢሆን ከዚህ ሰባት ቀልድ አወጣበት ነበር። ሰባቱም መጡልኝ። ውኃውን እያየሁ ቆምኩ።

ዙህራ ከበሩ መዝጊያ ጀርባ ሆና ሰማችኝ፤ እናቷ ጓሮ ነበሩ። ስጨርስ እንዲህ አለችኝ፤ «አባባ፣ እርስዎ የበደሉኝን ይቅር ብያለሁ። በጥፊ የመታችኝ ግን እርስዎ አይደሉም። የእሷን እሷ ትምጣ። የመታችኝ ደግሞ ክፍል ውስጥ ነው፤ ቤት አትምጣ።» ቃሏን እንዳለች ጽፌልሻለሁ።

ንዋይን ከዕቃ ቤቱ ጀርባ አገኘሁት። ቀጭን ልጅ ነው። ማን እንደሆንኩ ስነግረው ሊሄድ ነበር፤ «ዘርፉ አይደለችም» ስለው ቆመ። ነገርኩት። ጆንያ ውስጥ መቆሜንም ነገርኩት፤ ያ ሳይነገር እንዲቀር ፈልጌ ነበር። ልንበረከክ ጎንበስ ስል፣ «ይነሡ፣ አባቴ ያየናል» አለኝ። በዚህ ዕድሜዬ ልጅ አፍሮብኝ አያውቅም ነበር።

ደብዳቤውን ሰጥቼው ጀርባዬን አዞርኩ። እንዳላነብለት አዘሽኛል፣ ሲያነብ እንዳየው ግን አላዘዝሽኝም፤ ስለዚህ ፊቱን አላየሁም። ብዙ ጊዜ ወሰደ። ከዚያ ወረቀቱ ሲታጠፍ ሰማሁ።

«ስንት ሰው ነበር?» አለኝ።

«አርባ ይሆናል። ቆመው የሰሙትን ሳልቆጥር።»

«ሁሉም ሳቁ?»

«ሁሉም።»

ያን ጊዜ አንድ ነገር ብነግረው ልጁ እንደሚስቅ አውቅ ነበር፤ አንድ ቃል ይበቃ ነበር። አፌን ይዤ ቆምኩ። በሕይወቴ ከተሸከምኩት ሁሉ ይህ ከበደኝ።

በመጨረሻ፣ «እሷ ስትጽፈው አልሳቀችም» አለ። ጥያቄ ይሁን፣ ለራሱ ይናገረው፣ አላወቅሁም። «አልሳቀችም» አልኩት። ደብዳቤውን ኪሱ ከተተው። ለእኔ የተጻፈ ነበር፤ መልስልኝ የምልበት አፍ ግን አልነበረኝም። ድሬዳዋ ይሄድ እንደሆነ አልጠየቅሁትም። አንቺን ይቅር ይል እንደሆነም አልጠየቅሁትም። የበደለ ሰው ይህን መጠየቅ አለበት ብዬ አላሰብኩም።

አክስትሽ ምሳ አቀረበችልኝ። «ምነው ዛሬ አይጫወቱም?» አለችኝ። ጥርሴን ነው አልኳት።

መርዳሳ

—

አዳማ፣ ጥር ፲፭ ቀን

አካኮ፣

ይህን ቃል ለመጻፍ ብዙ ቀን አሰብኩ። ከጻፍኩት በኋላ ግን አልሰረዝኩትም።

ዙህራን ክፍል ውስጥ ይቅርታ ጠየቅኋት፤ ፉርኖውም ቆሎውም እየሰማ። ልጆቹ ሳቁብኝ። እሷ ወዲያው አልመለሰችልኝም፤ ትምህርቱ እስኪያልቅ አስቆመችኝ። ማግስቱን ደብተሯን አንሥታ ወደ ወንበራችን መጣች። አብዱናሲርም ይህን ደብዳቤ ይዟል፤ «ሽማግሌው መንገዱን ሙሉ ዝም ብሎ አስጨነቀኝ» ብሎኛል።

ንዋይ ድሬዳዋ አልሄደም። ዓመቱን ልጨርስ ብሎ አባቱን ለመናቸው። ትምህርት ቤት ከተመለሰ አሥር ቀን ሆኖታል፤ በየቀኑ ይመጣል። ፉርኖዎቹ ካጠገባቸው አላስቀመጡትም፤ የእኛዎቹም ቦታ አልሰጡትም። መስኮቱ ሥር ብቻውን ይቀመጣል። ካለፈው ዓርብ ወዲህ ግን ብቻውን አይደለም።

ዓርብ ዕለት ከጉድጓዱ ጀርባ ተነጋገርን። ምን እንዳለኝ፣ ምን እንዳልኩት፣ አልጽፍልዎትም። ተቆጥቼ አይደለም። ቁጣዬ አልፏል። ግን ልጽፍልዎት ወረቀቱን ስይዝ ሾላው ሥር ያለው ሰው ሁሉ ይታየኛል። ስለዚህ እንዲህ ያለውን ነገር ከእንግዲህ አልጽፍልዎትም። ሌላውን እጽፋለሁ። አይዘኑብኝ።

ልጅዎ ዘርፉ

—

ሁሩታ፣ የካቲት ፫ ቀን

ሀርሜ፣

ይህን ቃል እኔም ብዙ ቀን አሰብኩበት። ካልፈቀድሽው በሚቀጥለው ደብዳቤ ንገሪኝና እተወዋለሁ።

ገበያ ይወጣሉ ወይ ላልሽኝ፣ እወጣለሁ። አሁን ግን ሰው ደብዳቤውን ሲሰጠኝ፣ «እዚህ ላንብበው ወይስ ፈንጠር ብለን?» እላለሁ። ብዙዎቹ «እዚሁ» ይላሉ፤ ያችም ጎረቤቷ ያልሰማችባት ሴት፣ «ምን ነካህ፣ ጩኸው እንጂ» አለችኝ። ባለፈው ሳምንት ግን አንዲት ልጅ «ፈንጠር ብለን» አለች። ተነሥቼ ከግንቡ ኋላ ወሰድኳትና ለብቻዋ በቀስታ አነበብኩላት። ስትሰማ መሬት መሬት ታይ ነበር። እንዲህ የሚፈልግ ሰው ስንት ዓመት ሙሉ ፊቴ ተቀምጦ ይሆን? አንድም ቀን አልጠየቅሁም።

ከጥር ፲፭ በኋላ የጻፍሽው አዲሱ ደብዳቤሽ የደረሰኝ እዚያው ነው። ሰዉ እንደ ልማዱ፣ «እናትህ ምን ትላለች?» አለ። «ደህና ነኝ ትላለች» ብዬ ብብቴ ከተትኩት። ደገፋ፣ «ሳትከፍተው በምን አወቅህ?» አለኝ። ከሾላው ሥር ተነሣሁ። ቅር አላቸው፤ ተበተኑ።

ቤቴ ገብቼ በሬን ዘጋሁና አነበብኩት። ስለ አዳማ ነፋስ ጽፈሽልኛል። አቧራው ቀን እንደሚያጨልም፣ አክስትሽ እንደምታስል፣ ከእህል መጋዘኑ ጣሪያ አንድ ቆርቆሮ ተነሥቶ ሐዲዱን ተሻግሮ እንደበረረ። አንብቤ ስጨርስ ከመጀመሪያው ጀመርኩ። ምናልባት አንድ ስም አመለጠኝ ብዬ፣ ጥጉንም ጥጉንም አየሁ። የለም። ነፋስ ብቻ ነው።

ለምን እንደሆነ አውቃለሁ። አላዘንኩብሽም፤ ያዘንኩት በሌላ ሰው ነው፣ ከእሱም ጋር አንድ ቤት ነው የምንኖረው።

ስለዚህ አልጠይቅሽም። ቆርቆሮው ግን የት እንደወደቀ ሳትጽፊልኝ ወረቀቱ አለቀብሽ። እሱን ጻፊልኝ። ለራሴ አነበዋለሁ።

አያትሽ መርዳሳ